የሐሰን ፎልደር አልከፈት ያለበት ሳምንት

ቅዳሜ

ዛሬም እምቢ አለ። አብዱ ማውሱን ይዞ ፎልደሩን እየጎተተ፣ እኔ ከኋላው በርጩማ ላይ ተቀምጬ በአንገቴ እየገፋሁ፣ ንቅንቅ የለም። ቀይ ምልክት ብቅ ይላል፤ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይከተላል። «ምን ይላል?» ስለው «አልተፈቀደልህም ይላል» አለኝ። ውስጡ ያለው የወለድኩት ልጅ ድምፅ ነው። ለእኔ ያልተፈቀደ ለማን ሊፈቀድ ነው?

ነገሩን ከስሩ ልጻፈው፤ አርጅቻለሁ፣ ነገ የገዛ ጽሑፌ ላይገባኝ ይችላል። ልጄ ሐሰን ከረመዳን በፊት ሞተ። ኩላሊት ነው አሉ። እዚህ ከሚሴ አስፋልቱ ዳር ያለችው የፎቶ ኮፒ ቤት የእሱ ናት። ቀን ቀን ወረቀት ያባዛል፣ ጉርድ ፎቶ ያነሳል። ጊዜ ሲያገኝ መቅጃውን ይዞ በጨፋ ሸለቆ ከመንደር መንደር እየዞረ የሽማግሌና የአሮጊት መንዙማ ይቀዳል፤ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ ሁለቱ ተቀላቅለው ሲመጡም። ሲታመም ደግሞ የራሱን ድምፅ መቅዳት ጀመረ። ያ ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ነው። ልጅ አልተወም፤ የተወው ይህንኑ ነው።

ሚስቱ ዘሐራ ኢዳዋን፣ የሐዘን ወራቷን፣ ጨርሳ ሱቁን ከፍታለች። እኔ ነኝ ክፈቺ ያልኳት። ሐሰን ሳለ ፎልደሩ በራሱ ጊዜ ወደ ክላውድ ይወጣ ነበር። ክላውድ ማለት ዕቃህን የማታውቀው አገር፣ የማታውቀው ሰው መጋዘን ውስጥ ማኖር ነው። እኔ ዕድሜዬን በጨፋ ሮቢት የእህል መጋዘን ስጠብቅ የኖርኩ ሰው፣ ባለቤቱን ሳላየው አንዲት ቁና አላስቀምጥም ነበር። ሐሰን ግን ወዶ አልነበረም። በዚያ በግርግሩ ጊዜ ሱቁ ተሰብሮ ፍላሾቹ ከነሳጥናቸው ሄደውበታል።

አሁን የሐሰን አካውንት በሐሰን ስልክ ነው፣ የስልኩ ቁጥር ተዘግቷል፣ ፓስወርዱንም ይዞት ሄደ። ስለዚህ አብዱ በዘሐራ ስም አዲስ ከፈተ። ወደዚያ ሊያወጣው ሲል ነው እምቢታው።

አብዱ ዲሽ፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። እኔ «ዶክተር» እለዋለሁ፤ የነካቸው በሽተኞች አብዛኞቹ አይነሱም።

«ፍላሽ ላይ ገልብጠው፣ ይቅር ክላውዱ» አልኩት።

«መገልበጥም ከልክሏል አባባ። መስማትም።»

ዛሬ የተደረገ ሕክምና፤
ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ።
ሞደሙ ጠፍቶ በራ።
አብዱ ጠፍቶ ተመለሰ። ጫት ሊገዛ ነው።

ዘሐራ ማባዣው ጋ ጀርባዋን ሰጥታን ዋለች። አንዴም አልተጠጋችም። ሐዘን ነው ብዬ ተውኳት።

እሁድ

ዲስኩ ያንኳኳል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ዝም፣ ቀጭ። እኔ አይጥ መስሎኝ ነበር፤ የመጋዘን ሰው ጆሮ ሁሉ ነገር አይጥ ነው የሚመስለው። አብዱ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ አዳመጠና ፊቱ ተለወጠ።

«አባባ፣ ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ነው።»

«ምን ያህል ጊዜ አለው?»

«አላህ ያውቃል።»

«አላህ እንደሚያውቅማ መስጊድ ሄጄ እሰማለሁ። አንተን የጠራሁህ ሌላ የሚያውቅ እንዳለ ብዬ ነው።»

አልሳቀም። ከሞተ ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል አለኝ። ከኋላችን የወረቀት ክምር ወለሉ ላይ ተበተነ። ዘሐራ ናት። ለመልቀም ጎንበስ ብላ ቆየች፤ ለወረቀቶቹ ከሚያስፈልገው በላይ።

አብዱ ክላውዱ የሚወጣበትን ፕሮግራም አጥፍቶ እንደገና ጫነው። እምቢ። ኔትወርኩን ረገመ። እምቢ። መብራት ኃይልን ረገመ። መብራቱ ሄደ።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው አንድ ሰው ብቻ ነው የመጣልኝ፤ ትልቁ ልጄ ጀማል። ባቲ ነው የሚኖረው፣ ከቆላ የሚመጣ ፍየል ይነግዳል፣ የጨርቅ ሱቅም አለው። ለቅሶው ላይ ሰው ሲሳሳ ይህችን ኮምፒውተር ሲነካካ አይቼዋለሁ። ደወልኩ።

«ጀማል፣ አካም ጅርታ?»

«ፈያ፣ አልሐምዱሊላህ። አንቱስ አባቴ?»

«እኔማ ቆሜ እሄዳለሁ። የሐሰንን ፎልደር ለምን ቆለፍከው?»

«የምን ፎልደር? እኔ የማውቀው ፍየል ነው።»

«ፍየልም ሰርቀህ ካሰርክ በኋላ አላየሁም ነው የምትለው።»

ድምፁ ደረቀ። «ቆለፍኩም አልቆለፍኩም ኮምፒውተሩን መጥቼ እወስዳለሁ። ከጅቡቲ ያስመጣሁለት እኔ ነኝ። ውስጡን አጽድቼ ለሱቄ አደርገዋለሁ።»

አጽድቼ አለ! ወንድሙን ነው የሚያጸዳው።

«ስማ» አልኩት፤ «አባት በሕይወት ሳለ ወንድም አይወርስም። ከሐሰን ውርስ ያገደህ የእኔ አለመሞት ነው። እንግዲህ ዱዓ አድርግ። ምን ብለህ እንደምታደርግ እኔ አልነግርህም።»

«አባቴ፣ ቀልድ ነው?»

«ግማሹ።»

ዘጋው። የተሻለኝ መስሎኝ ነበር። ቁስል ማከክ ነው፤ ሲያኩት ይጥማል።

ሰኞ

መብራት የለም። ጀማል ስልክ አያነሳም፤ የባቲ ገበያ ቀን ነው፣ ዛሬ አባቱ ቢሞት እንኳ ፍየሉን ሸጦ ነው የሚመጣው።

ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። የሚያልፈው ሁሉ «ሰብር አድርግ ኡመር፣ ሰብር» ይለኛል። ይቺ ቃል ሰላምታ ሆናለች። ሰብር የሚሉኝ ሰዎች ልጆቻቸው ከኋላቸው እየተከተሏቸው ነው የሚሉኝ። ደህና፣ ሰብር።

አንዱ የድሮ ባልንጀራዬ ደግሞ ቆሞ «እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለኝ።

«ኮምፒውተር እየተማርኩ ነው።»

«በዚህ ዕድሜ? ለምን?»

«ላገባ ነው። የዛሬ ሴቶች ኮምፒውተር የማያውቅ ወንድ አያነጋግሩም።»

ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ለቀኑ ስንቅ ሆነኝ።

ከሰዓት አንዲት አሮጊት ከጨፋ መጡ። ባለቤታቸው ዓምና ነው የሞቱት። ሐሰን የሰውየውን መንዙማ ቀድቶት ነበርና «እማማ፣ መስማት ባሰኘዎት ጊዜ ይምጡ» ብሏቸዋል። መጡ እንግዲህ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሱቁ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሊሰሙ ተዘጋጁ። እንደ እንግዳ።

«መብራት የለም እማማ» አልኳቸው። እውነት ነው፣ አልነበረም። ቢኖርስ ምን ልላቸው ነበር?

«ምንም አይደል። ሌላ ቀን» ብለው ተነሱ። ሲወጡ ኮምፒውተሩን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት፣ የሰው ትከሻ እንደሚዳበስ። ዘሐራ ይህን አይታ ወደ ጓዳ ገባች። የምታለቅስ መስሎኝ ተከትዬ ሄድኩ። አታለቅስም። ግድግዳውን እያየች ቆማለች። «አባቴ፣ የሰው ሀቅ ነው እኮ» አለችኝ።

ወደ ማታ ጀማል ራሱ ደወለ። «ልታገቡ ነው አሉ?» ወሬዬ ከከሚሴ ተነስቶ ባቲ ገበያ ደርሷል፣ ያለ ኔትወርክ፣ ያለ ፓስወርድ።

«አዎ። ወራሽ ላበዛብህ አስቤ።»

«አባቴ፣ ሰው ይስቅብናል።»

«ይሳቅ። ሲያለቅስልን ከረመ፣ ይረፍ።»

ማክሰኞ

ዛሬ የሆነውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ጠዋት ኮምፒውተሩ መጀመሪያ አልነሳም አለ። ሁለተኛው ላይ ነው እየተንቀጫቀጨ የተነሳ። በአብዱ ላይ ቁጣ ቁጣ አለኝ። «ዶክተር፣ ማጥፋትና ማብራቱን ተወውና አንድ ነገር ንገረኝ። በር የተዘጋበት ሰው ቤቱን አያፈርስም፤ መጀመሪያ ማን ቆለፈው ብሎ ይጠይቃል። ይህ ነገር ማን እንደቆለፈው አያሳይም?»

«ያሳያል» አለኝ፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ያሳይ እንደነበረ እንኳ አላፈረበትም። ፎልደሩን ከፈት ሳያደርግ በጎን በኩል ሌላ መስኮት አወጣ። ማን ይከፍታል፣ ማን ይሰርዛል፣ ማን ያዳምጣል የሚለው እዚያ ነው ያለው። ከላይ «ሁሉም ሰው» ይላል አለኝ። ከጎኑ «የተከለከለ»።

«ሁሉም ሰው ማለት ማን ነው?»

«ሁሉም ሰው ነዋ። አንቱም፣ እኔም፣ ዘሐራም።»

«የቆለፈውስ?»

«እሱም ራሱን ቆልፎበታል።»

መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ። ሌባ ሲቆልፍ ለራሱ ቀዳዳ ሳይተው ቆልፎ አያውቅም። ገና ያኔ ነው ከጀማል ሌላ ሰው ልጠረጥር የጀመርኩ።

«ባለቤት ነኝ ብሎ የያዘው ማን ነው ይላል?» አልኩት።

አብዱ አነበበ። ከዚያ አንገቱን አላዞረም።

«እኔ ነኝ» አለች ዘሐራ ከማባዣው ጋ።

የተናገረችውን ሁሉ እንደሰማሁት ልጻፍ። «ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ‹ቁልፉ እሷ እጅ ነው፣ ልጅ የላት፣ ሸጣ ወደ ወላጆቿ ትገባለች› ሲሉ። አያ ጀማልም ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ሐሰን አስተምሮኛል፣ በዚያው ቀን ቆለፍኩት። ለእኔ ክፍት ብተወው ሌባ እባላለሁ። ለአያ ጀማል ብተወው ይወስደዋል።»

«ለእኔስ?»

«አንቱ የጠየቀዎትን ሁሉ ይሰጣሉ።»

እውነቷን ነው።

«ከዚያ ሴቶቹ ፊት ‹ወላሂ፣ ውርሱ ሳይከፈል ይህ አይከፈትም› አልኩ። ምያለሁ አባቴ። ዲስኩ እንደሚሞት ያኔ ማን አወቀ?»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን አይተሽን ዝም?»

«ውርሱን ይክፈሉልኝ ልበል? ባሏ የሞተባት ሴት በአፏ ይህን ትላለች? እኔ የምጠብቀው አንቱን ነበር።»

አብዱ ያን ጊዜ ያልጠራ ስልኩን አንስቶ «ሃሎ» እያለ ወጣ። ከሕክምናው ሁሉ ያማረለት ይህ ነው።

ረቡዕ

ሐሰን ከሞተ ወዲህ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ስንት ጊዜ ጠየቁኝ። «ኡመር፣ የሐሰንን ውርስ እንክፈል፣ የሙት ዕቃ ሲቆይ አያምርም» አሉ። ጁምዓ ይሁን አልኩ። ከአረፋ በኋላ ይሁን አልኩ። እህል ይግባ አልኩ፤ እኔ ምን እህል አለኝ? ቀልዴን እያስቀደምኩ አባረርኳቸው። ስንከፍል ሞቷል ማለት ነው። ጫማው የማን ሊባል ነው፣ ሰዓቱ የማን።

እሷ ደግሞ የእኔን አፍ ስትጠብቅ ዲስኩ ያንኳኳል።

ዛሬ አብዱ ብቻዬን አግኝቶ «አባባ፣ እሷ ለሶላት ስትገባ እኔ በአንድ ክሊክ እከፍተዋለሁ። ያልከፈተችው እሷ፣ መሐላው አይነካትም» አለኝ።

ደስ አለኝ መጀመሪያ። አልዋሽም። እንዲህ ያለ ብልጠት የእኔ ሙያ ነው፤ ወጣት ሳለሁ ቢሆን ኖሮ እኔው ነበርኩ የማቀርበው። ግን እሷ «አልከፍተውም» አይደለም ያለችው፣ «አይከፈትም» ነው ያለችው። በዚያ ላይ፣ የሟች ሚስት ከሰው ሐሜት ራሷን ያዳነችበት አንድ ቃል ነው። እሱን ከኋላዋ ሰብሬ የልጄን ድምፅ ብሰማ ምን ይጣፍጠኛል?

«ዶክተር» አልኩት፣ «ሂድ፣ ዲሽህን ስቀል።»

ለጀማል ደወልኩ። «ነገ ና። ውርስ ልንከፍል ነው።»

«ድርሻ የለኝም አላሉም?»

«የለህም። ና ግን።»

ሐሙስ

ከዐሱር ሶላት በኋላ ቤቴ ተሰበሰቡ። የሰፈራችን ሽማግሌዎች፣ የመስጊዱ ኢማም፣ ዘሐራ ከመጋረጃው ወዲያ። ጀማል ከባቲ መጣ። ከስቷል። አልነገርኩትም። «አዲሷ እናቴ የት አሉ?» ብሎኝ ገባ፣ ፊቱ ሳይፈታ። ልጄ ነው በእርግጥ።

ኢማሙ ነገሩን አጭር አደረገው። ሐሰን ልጅ የለውም፣ እናቱ ቀድማዋለች። ሩቡ የሚስቱ፣ የቀረው የአባቱ። ወንድም አባት ሳለ አይገባም። ጀማል ይህን ሰማ። ከዚያ «ኮምፒውተሩ ግን ውርስ ውስጥ አይገባም» አለ፣ «የእኔ ነው። ከጅቡቲ ያስመጣሁት እኔ ነኝ።»

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ጢማቸውን ያዙ። «ስትሰጠው ምን ብለህ ሰጠኸው?»

ዋሽቶ ቢሆን ማን ያውቅበት ነበር? ሐሰን የለ። ጀማል ምንጣፉን አየ።

«ሥራበት ብዬ።»

«አውሰኝ፣ መልስልኝ፣ አላልክም?»

«አላልኩም።»

«እንግዲያ ሰጥተሃል ያ ጀማል። አላህ ይቀበልህ።»

ያን ጊዜ ልጄን ላቅፈው ፈለግሁ። አላቀፍኩትም። ይልቅ «ፍየል ቢሆን ኖሮ የእኔ ነው ብለህ ምልክት ታደርግበት ነበር» አልኩት። ሰዎቹ ሳቁ፣ እሱ አልሳቀም። ተነሳና «አባቴ በስልክ ሌባ ብሎኛል፣ አሁን ደግሞ ሰው ፊት ይስቅብኛል። ያልቆለፍኩትን ቆለፍክ አለኝ» አለ። ከመጋረጃው ወዲያ ዘሐራ «አያ ጀማል፣ የቆለፍኩት እኔ ነኝ፣ አውፍ በለኝ» አለች። ለእሷ «አውፍ ብያለሁ» አላት። ወደ እኔ ግን አልዞረም።

እኔም የሚባለውን ነገር ሳልል ሌላውን አልኩ። «ከኮምፒውተሩ የሚደርሰኝ ሁሉ ለዘሐራ ነው። ውስጡ ያለውም። መስክሩ።» መሰከሩ። ፋቲሓ ተቀራ። ጫማው የማን እንደሆነ፣ ሰዓቱ የማን እንደሆነ ተባለ። አለቀ። ሐሰን ዛሬ ማታ ሁለተኛ ሞተ።

ጀማል ሳይበላ ወጣ። በመጨረሻው መኪና ሄደ አሉ።

ጁምዓ

ከጁምዓ ሶላት እንደወጣን ሱቁ ገባን። ዘሐራ ወንበሩ ላይ ራሷ ተቀመጠች። ቢስሚላህ አለች። ያን መስኮት አወጣች፣ «ሁሉም ሰው» የሚለው ላይ ያለውን ክልከላ አነሳች፣ የራሷን ስም ጻፈች። አንድ ጊዜ ተጫነች። ይኸው ነው። ስንት ቀን ቀጭ ቀጭ ሲል የሰማነው፣ በአንድ ጣት።

ፎልደሩ ተከፈተ። ውስጡ ሁለት ፎልደር። «የሽማግሌዎቹ»። «የራሴ»።

አብዱ ፍላሹን ከኪሱ አወጣ። ዘሐራ «እሱን እዚህ እንዳታስጠጋ፣ ባለፈው የሰካኸው ጊዜ የሰው የትምህርት ማስረጃ በላ» አለችው። ቫይረስ ነው። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ክላውዱ። አብዱ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ አድርጎ «በአንድ ጊዜ ብዙ ካስጫንነው ይሞትብናል፤ አንዱ ይቅደም። ሁለቱንም እንደሚያስጨርሰን እርግጠኛ አይደለሁም» አለ።

ሁለቱም እኔን አዩኝ።

«የእሷ ነው» አልኩ፤ «ትናንት ተመስክሯል።»

ዘሐራ ማውሱን «የራሴ» ላይ አደረገች። እጇ ቆመ። እኔ ምላሴን ነከስኩ። ልቤ «እሱን! እሱን!» ይል ነበር። ቀስ ብላ አነሳችውና ሌላው ላይ አደረገችው። «የሰው አማና፣ የሰው አደራ ይቀድማል» አለች። የጨፋዋን አሮጊት እንዳሰበች ገባኝ። ልጄ ትክክለኛ ሴት አገባ፤ ትክክለኛነት ግን እንዲህ መራራ መሆኑን ማን ነገረው?

አንድ ወጣ። አረንጓዴ ምልክት። ሌላ ወጣ። ኔትወርኩ ይሄዳል፣ ይመጣል። መብራቱ ብልጭ ሲል ሦስታችንም ትንፋሽ እንይዛለን። ቀጭ። አንዱ ፋይል አጋማሹ ላይ ቆመና እንደገና ፈቃድ የለም አለ፤ አብዱ «ይሄኛው ለብቻው የድሮውን ክልከላ ይዞ ቀርቷል» ብሎ አስተካከለው። እውቀቱ ሐቀኛ ነው አንዳንዴ። ሲመሽ የሽማግሌዎቹ ገና አላለቀም። «በርቶ ይደር» ብላ ዘሐራ ሱቁን ከውጭ ቆልፋ ሄድን። መብራቱ ለኮምፒውተሩ፣ ማደሩ ለአላህ።

ቅዳሜ

የሽማግሌዎቹ ሁሉም ወጥቷል። አንድ ሳይቀር፣ አረንጓዴ።

«የራሴ» ከሚለው ውስጥ አብዛኛው ወጣ። ከዚያ ዲስኩ አንድ ረጅም ድምፅ አሰማ፣ በር ሲሳብ የሚያሰማውን ዓይነት፣ ዝምም አለ። መንኳኳቱ ቆመ። ስናዝንበት የከረምነው ድምፅ ነው፤ ሲቆም ግን ናፈቀኝ። መጨረሻ ላይ ያለው ፋይል ቀይ እንደሆነ ቀረ። አብዱ ዲስኩን ፈትቶ በጨርቅ ጠቅልሎታል። ደሴ የሚከፍት ሰው አለ ይላል። «ይተርፋል?» አልኩት። «አላህ ያውቃል» አለ። ዛሬ አልቀለድኩበትም።

በዘሐራ ስልክ ከክላውዱ ከፍተን ሰማን። ሐሰን ነው። ትንፋሹ አጥሯል፣ ያስላል፣ እንደገና ይጀምራል። ዘሐራ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሰማች። እኔ እስከ መጨረሻው መስማት አልቻልኩም፤ አስፋልቱ ዳር ወጥቼ የሚያልፉ መኪናዎችን ቆጥሬ ተመለስኩ።

አመሻሽ ላይ ጀማል ደወለ። ሰላምታ የለም። «ወጣ አሉኝ?»

«ወጣ።»

«እኔም ልስማው።»

ዘሐራን አየኋት። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። አብዱ እንዴት እንደሚላክ አሳየን፤ መላክ ብቻ አይደለም፣ የተላከለት ሰው ምን ማድረግ እንደሚችልም ይመረጣል። «ማዳመጥ ብቻ» የሚለውን እኔ ነኝ የመረጥኩ። ውስጡን አጽድቼ ያለው ልጅ ነው፤ ጆሮውን እሰጠዋለሁ፣ እጁን ግን አልሰጠውም።

ቆየ። መግሪብ ሰግደን ተመለስን። እንደገና ደወለ። ድምፁን መጀመሪያ አላወቅኩትም።

«ሲያስል ይሰማል አባቴ።»

«አዎ።»

«ባቲ መጥቶ እኔ ጋ ሰንብቶ ነበር፣ ታሞ ሳይተኛ በፊት። አንድ ምሽት በስልኬ ቀድቼዋለሁ። ያኔ ጤነኛ ነው። ይስቃል፣ አንቱን እያስመሰለ ነው። እዚያ ልጨምረው ስል አልተፈቀደልህም አለኝ።»

አብዱ ከጎኔ ሆኖ ሰምቷል። አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ «አባባ፣ እንዲጨምር ከፈቀዱለት መሰረዝም ይችላል። ሁሉንም። አንድ ላይ ነው የሚሰጠው» አለኝ።

ሐሙስ ዕለት ያልተባለው ነገር መሀላችን ተቀምጧል።

«ጀማል» አልኩት፣ «አልቆለፍክም። ሌባ ማለቴ አውፍ በለኝ።»

«አባቴ፣ ይሄስ ቀልድ ነው?»

«አይደለም።»

ዘሐራ የእሷን ስልክ ከሌላው እጄ ወስዳ ራሷ ተጫነችው። ተፈቀደለት።

ይህን ስጽፍ የባቲው ፋይል መምጣት ጀምሯል። ግማሽ ላይ ቆሟል። የባቲ ኔትወርክ ይሁን የጀማል ልብ አላውቅም። የቀረው እንዳለ ነው፣ የተሰረዘ የለም፤ ዘሐራን ሦስቴ አስቆጠርኳት፣ አራተኛውን «እራስዎ ይቁጠሩ» ብላ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።